የሁለት ተቀናቃኝ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኖች ግጥሚያ ቅድመ ዳሰሳ እንዴት ይጻፋል? ቫኪፍባንክና ኤጅዛጅባሺ እንደ ማሳያ

የግጥሚያ ቅድመ ዳሰሳ የሚጻፈው ጨዋታውን ለማየት ለተዘጋጀ ሰው ነው። አንባቢው ማን እንደሚያሸንፍ መስማት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ የሚፈልገው ግን ጨዋታው ሲጀመር ዓይኑን በየትኛዋ ተጫዋች፣ በየትኛው የሜዳ ጥግና በየትኛው ቅጽበት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ነው። ስለዚህ የመረብ ኳስ ቅድመ ዳሰሳ የሚያዘጋጅ ሰው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ግጥሚያው የሚመልሰውን ዋና ጥያቄ ማግኘት አለበት። ጥያቄው ከተገኘ ታሪኩም፣ ቁጥሩም፣ የተጫዋቾቹም ስም በዙሪያው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ካልተገኘ ግን ጽሑፉ የመረጃ ክምር ሆኖ ይቀራል።

አብዛኞቻችን የስፖርት ጽሑፍን የለመድነው ከእግር ኳስ በመሆኑ፣ ቅድመ ዳሰሳ ሲባል የእርስ በርስ ግንኙነት፣ የጉዳትና የቅጣት ዜና፣ ግምታዊ አሰላለፍ፣ በመጨረሻም የውጤት ግምት በየተራ የሚደረደሩበት ጽሑፍ ይመስለናል። ይህ ቅርጽ ለመረብ ኳስ አይመችም። በመረብ ኳስ አቻ ውጤት የለም፤ ስድስቱ ተጫዋቾች በየጊዜው ቦታ ስለሚለዋወጡ አንድ አሰላለፍ በውስጡ ስድስት የተለያዩ አሰላለፎችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ነጥብም ያለ ልዩነት በሰርቭ ይጀመራል። በመሆኑም የዳሰሳው ዋና ክፍል መዋል ያለበት በሰርቭ፣ በሰርቭ ቅበላና በቦታ ዙረት ላይ ነው። በዚህ መመሪያ «ዙር» የሚለው ቃል 25 ነጥብ የሚሞላበትን የጨዋታ ክፍል ያመለክታል፤ አምስተኛው ዙር ግን በ15 ነጥብ ይጠናቀቃል፤ በሁሉም ዙሮች አሸናፊው በሁለት ነጥብ ልዩነት መምራት ይኖርበታል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለማሳያ የመረጥነው በቱርክ የሴቶች ከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም በሱልጣንላር ሊግ፣ የሚገናኙትን ሁለት የኢስታንቡል ክለቦች ነው፤ ቫኪፍባንክንና ኤጅዛጅባሺን። ይህ ሊግ በክለብ መረብ ኳስ ከጣልያኑ ሊግ ጋር የዓለም ቁንጮ ተደርጎ የሚቆጠር ሲሆን፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድንም በ2023 የኔሽንስ ሊግንና የአውሮፓን ሻምፒዮና በአንድ ዓመት ውስጥ አሸንፏል።

የፉክክሩን ሥር መለየት

ሁሉም ተቀናቃኞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ፌነርባህቼና ጋላታሳራይ በመረብ ኳስ ሲገናኙ የእግር ኳሱ ደጋፊና የእግር ኳሱ ቂም አብሯቸው ወደ አዳራሽ ይገባል። ቫኪፍባንክና ኤጅዛጅባሺ ግን ከኋላቸው የእግር ኳስ ቡድን የላቸውም። አንዱን በ1986 ያቋቋመው ባንክ ነው፤ ሌላው በመድኃኒት ሥራ የተነሣ የቤተሰብ ኩባንያ በ1966 የመሠረተው ክለብ ነው። የንግድ ባንክን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ባንክ የሚያስተዳድረው ጠንካራ የሴቶች ቡድን እንግዳ ነገር ስለማይሆንበት፣ ይህን ለማስረዳት ረጅም አንቀጽ አያስፈልግም፤ የሁለቱ ክለቦች ፉክክር ከሰፈርና ከደጋፊ ሳይሆን ከዋንጫና ከተጫዋች ዝውውር የመጣ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይበቃል።

ከታሪኩ ውስጥ ወደ ጽሑፉ መግባት ያለበት ዛሬ ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ብቻ ነው። ኤጅዛጅባሺ በቱርክ ሊግ ከማንም የበለጠ ዋንጫ ያነሣ ክለብ ቢሆንም፣ ከ2012 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ የሊጉን ዋንጫ አላገኘም። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በ2015 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን፣ በ2015ና በ2016 ደግሞ የዓለም ክለቦች ሻምፒዮናን አሸንፏል። ቫኪፍባንክ በበኩሉ ከ2008 ጀምሮ ባሠለጠነው ጣልያናዊው ጆቫኒ ጉዊዴቲ እየተመራ፣ ከ2011 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ሻምፒዮንስ ሊጉን ስድስት ጊዜ ወስዷል። ስድስተኛው የመጣው በግንቦት ወር 2023 በቱሪን በተካሄደው ፍጻሜ ሲሆን፣ በመረቡ ማዶ የቆመውም ራሱ ኤጅዛጅባሺ ነበር፤ ቫኪፍባንክ 3 ለ 1 አሸነፈ። እነዚህ ሦስት አራት መስመሮች አንዱ ክለብ የአገር ውስጡን ዋንጫ ተርቦ ስለመቆየቱና ሌላው ብዙ ጊዜ በመንገዱ ላይ ስለመቆሙ ይናገራሉ። ከዚህ ያለፈው የድልና የሽንፈት ዝርዝር፣ በተለይም ከዛሬዎቹ ተጫዋቾች አንዳቸውም ባልነበሩበት ዘመን የተደረጉ ግጥሚያዎች ውጤት፣ ጽሑፉን ያስረዝማል እንጂ ለአንባቢው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ታሪክ ነው። ሰርቢያዊቷ ቲያና ቦሽኮቪች ከ2015 እስከ 2025 ለአሥር የውድድር ዘመናት በኤጅዛጅባሺ ተጫውታ፣ አንድም የሊግ ዋንጫ ሳታነሣ በ2025 ወደ ቫኪፍባንክ ተዛወረች። ጉዊዴቲ ደግሞ ቀደም ሲል የሰርቢያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ከእሷ ጋር ሠርቷል። የዚህ ግጥሚያ ዋና ጥያቄ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የኤጅዛጅባሺ የቆዩ ተጫዋቾች ቦሽኮቪችን ለዓመታት በየዕለቱ ልምምድ ላይ ሲከላከሏት ኖረዋል፤ ኳስ ወደ እሷ ሲሄድ የትከሻዋን አወጣጥ፣ የምትመርጠውን አቅጣጫና ሲጨንቃት የምትሠራውን ያውቃሉ። ይህ እውቀት ብሎኩን፣ ማለትም በመረቡ ላይ ዘልለው ምቷን የሚጋርዱትን ተጫዋቾች፣ ቀድሞ በቦታው እንዲቆም ያደርገው ይሆን? ወይስ በአዲሱ ቡድን ውስጥ ኳስ የምታዘጋጅላት ሌላ አቀባይና ሌላ ፍጥነት ስላገኘች የድሮው እውቀት ጊዜው አልፎበታል? ይህን የመሰለ፣ ሜዳ ላይ በዓይን የሚታይ መልስ ያለው ጥያቄ ሲገኝ ቅድመ ዳሰሳው ግማሹ ተጻፈ ማለት ይቻላል። «የክብር ግጥሚያ» ወይም «የበቀል ጨዋታ» የሚሉት አገላለጾች ግን የትኛውንም ግጥሚያ ስለሚመጥኑ ይህኛውን አይገልጹትም።

ቁጥሮችን መሰብሰብና መመዘን

ሁለተኛው ሥራ ቁጥር ነው። ከትላልቅ ሊጎች ግጥሚያዎች በኋላ የሚወጣው ይፋዊ ሰንጠረዥ በርካታ ዓምዶች ስላሉት ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በጠቅላላ ነጥብ ላይ ነው። ጠቅላላ ነጥብ ግን በቀላሉ ያሳስታል። በአምስት ዙር ግጥሚያ 20 ነጥብ ያስቆጠረች ተጫዋች በአማካይ በዙር አራት አላት፤ በሦስት ዙር ብቻ 15 ያስቆጠረችው ግን አምስት አላት። ስለዚህ የሚጻፈው ቁጥር በዙር የተካፈለ መሆን ይኖርበታል።

የአጥቂ ብቃት ሲገለጽ ደግሞ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ አንዲት አጥቂ 40 ኳስ መታ 18ቱ ነጥብ ቢሆኑላት የስኬቷ መጠን 45 በመቶ ነው። ከቀሩት ውስጥ አምስቱ ከሜዳ ወጥተው ወይም መረብ ላይ ቀርተው፣ ሦስቱ ደግሞ በብሎክ ተመልሰው ነጥብ ካስከፈሏት ግን ስምንቱ ከ18ቱ ይቀነሳሉ፤ የቀሩት 10 ለ40 ሲካፈሉ ውጤታማነቷ 25 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አንዲት ሴት የተነገሩ ቢሆኑም የሚሰጡት ሥዕል የተለያየ ነው። የኔ አስተያየት ሁለተኛው ይሻላል የሚል ነው፤ ምክንያቱም በመረብ ኳስ ስሕተት ሁሉ ለተጋጣሚ የተሰጠ ነጥብ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት መለኪያ መጠቀምና የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ መንገር ግዴታ ነው።

ከጥቃት ቁጥር ይልቅ ግጥሚያን የሚያስረዳው ብዙውን ጊዜ የቅበላ ቁጥር ነው። ይፋዊ ሰንጠረዥ በማይወጣባቸው ውድድሮች፣ በአገር ውስጥ ሊጎቻችን ላይ ለሚጽፍ ሰው ጭምር፣ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል የቆየ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ የሰርቭ ቅበላ ከ3 እስከ 0 ይመዘናል። ኳሱ አቀባይዋ እጅ በትክክል ደርሶ ሁሉም አጥቂዎች ሊመጡ የሚችሉ ከሆነ 3፣ የመካከሏ ተጫዋች ከጨዋታ ወጥታ የክንፍ አጥቂዎች ብቻ ከቀሩ 2፣ አቀባይዋ ሮጣ አንድ ከፍ ያለ ኳስ ብቻ መስጠት ከቻለች 1፣ ሰርቩ በቀጥታ ነጥብ ከሆነ 0 ይጻፋል። አንዲት ተቀባይ በ20 ቅበላ በድምሩ 44 ካገኘች አማካይዋ 2.2 ነው፤ ይህም መልካም የሚባል ነው። አማካይዋ ወደ 1.5 የወረደች ተቀባይ ካለች ግን የተጋጣሚ ቡድን አሠልጣኝ አስቀድሞ ያያታልና ሰርቩ ሁሉ ወደ እሷ እንደሚሄድ ሳያመነቱ መጻፍ ይችላሉ።

በሊጉ ሰንጠረዥ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 3 ለ 0 ወይም 3 ለ 1 ያሸነፈ ቡድን ሦስት ነጥብ ሲያገኝ፣ 3 ለ 2 ያሸነፈው ሁለት፣ የተሸነፈው ደግሞ አንድ ነጥብ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ የሚለያዩ ቡድኖችን «መሪና ተከታይ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ልዩነቱ የመጣው ከሽንፈት ነው ወይስ እስከ አምስተኛው ዙር ከተጎተተ ድል የሚለውን መመልከት፣ አንደኛው ቡድን ግጥሚያ የመዝጋት ችግር እንዳለበት ሊጠቁም ይችላል።

ስድስቱን አሰላለፎች ማንበብ

አብዛኛው ቅድመ ዳሰሳ የሚዘልለውና በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው። በሜዳው ላይ ቦታ 1 የኋላ ቀኝ ሲሆን ሰርቭ የሚመታውም ከዚያ ነው፤ ከዚያ በተቃራኒ ሰዓት አቅጣጫ ሲቆጠር 2 የፊት ቀኝ፣ 3 የፊት መካከል፣ 4 የፊት ግራ፣ 5 የኋላ ግራ፣ 6 የኋላ መካከል ናቸው። ቡድኑ ሰርቭ ከተጋጣሚው በተረከበ ቁጥር ተጫዋቾቹ አንድ ቦታ ይዞራሉ። ታላላቆቹ ቡድኖች ሁሉ በአንዲት አቀባይ የሚጫወቱ ሲሆን፣ ከእሷ በሰያፍ የምትቆመው ዋና አጥቂ ኦፖዚት ትባላለች። ቦሽኮቪች የምትጫወተው በዚህ ቦታ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ይናገራል። አቀባይዋ በኋላ መስመር ስትሆን ቡድኑ በፊት መስመር ሦስት አጥቂዎች አሉት፤ አቀባይዋ ወደ ፊት ስትመጣ ግን ሁለት ብቻ ይቀሩታል፤ ኦፖዚቷም በዚያው ጊዜ ወደ ኋላ ስለምትሄድ ከሦስት ሜትሩ መስመር በስተኋላ ተነሥታ መምታት ይኖርባታል። እያንዳንዱ ቡድን ስለዚህ ሦስት ጠንካራና ሦስት ጠባብ አሰላለፎች አሉት ማለት ነው። የቅድመ ዳሰሳው ሥራ የአንዱ ቡድን ጠባብ አሰላለፍ ከሌላው ቡድን ብርቱ የሰርቭ መቺ ጋር የሚገጣጠምበትን ቦታ ማግኘት ነው። አንድ ቡድን በአንድ አሰላለፍ ተይዞ አምስት ስድስት ነጥብ በተከታታይ ሲከፍል የምናየው እዚያ ነው፤ ዙሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

አንድ ነጥብ ቀረብ ብለን እንመልከት። ቫኪፍባንክ ሰርቭ ይቀበላል፤ አቀባይዋ ጃንሱ ኦዝባይ በፊት መስመር ናት፤ ቦሽኮቪች ከኋላ። የኤጅዛጅባሺ ሰርቭ መቺ ኳሷን በቫኪፍባንክ ሊቤሮ፣ ማለትም ለቅበላና ለመከላከል ብቻ በምትሰለፈው ተጫዋች፣ እና በግራ ክንፍ አጥቂዋ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ትጥላለች። የክንፍ አጥቂዋ አንድ እግሯን ወደ ጎን አውጥታ ታነሳዋለች፤ ኳሱ ግን ከመረቡ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። በዚህች ቅጽበት ሁለት ነገር ሆኗል። ኳሱን የተቀበለችው አጥቂ ለምት የምታደርገውን መንደርደሪያ በሙሉ ለመጀመር ዘግይታለች፤ እንዲሁም የመካከሏ ተጫዋች ዘህራ ጉነሽ ከመረቡ የራቀ ኳስ በፍጥነት ሊሰጣት ስለማይችል የተጋጣሚ ብሎክ እሷን መጠበቁን ይተዋል። ለኦዝባይ የቀሯት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ ከፍ ያለ ኳስ ወደ ግራ፣ ወይም ከኋላ መስመር ለቦሽኮቪች። ቦሽኮቪች ግራኝ በመሆኗ ከሜዳው ቀኝ በኩል ኳሱን ከቀኝ እጅ መቺ ቀድማ ታገኘዋለች፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ምርጫው ወደ እሷ እንደሚሄድ ይገምታል፤ የኤጅዛጅባሺ ብሎክም እንዲሁ ይገምታል። አንባቢው ይህን አስቀድሞ ካወቀ፣ ሰርቩ ገና በአየር ላይ ሳለ የክንፍ አጥቂዋን እግር ይመለከታል። እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ከአሥር የተጫዋች ስም ዝርዝር የበለጠ ያገለግላል።

ስድስቱን አሰላለፎች ለማወቅ የቡድኖቹን የቅርብ ጊዜ ግጥሚያዎች ማየት ግድ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ያሸነፈውንና አንድ የተቸገረበትን ጨዋታ መርጦ ከየአንዳንዱ ሁለት ዙር መመልከት ለአንድ ቅድመ ዳሰሳ በቂ ነው፤ ምስሉ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ቁመትና የማሊያ ቁጥር እስከታየ ድረስ ሥራውን አያግድም። በወረቀት ላይ ስድስት ሳጥን ይሥሩና በየአሰላለፉ ቡድኑ ስንት ሰርቭ እንደተቀበለና በስንቱ ወዲያው ነጥቡን እንዳስመለሰ ምልክት ያድርጉ። በመጀመሪያው ምልከታ ዓይን ኳሱን መከተሉ አይቀርም፤ በሁለተኛው ግን ሰርቭ ሲመታ ኳሱን ትተው አቀባይዋን ብቻ ይመልከቱ፤ ከየት ተነሥታ የት እንደምትደርስ የቡድኑን ሁኔታ ሁሉ ይነግርዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አሠልጣኞች የመነሻ አሰላለፋቸውን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በወረቀት ያስረክባሉ፤ ተጋጣሚያቸው ምን እንዳስገባ ግን በዚያን ጊዜ አያዩም። አንዱ አሠልጣኝ አሰላለፉን በአንድ ቦታ አዙሮ ቢጀምር እርስዎ የገመቱት መገጣጠም ይፈርሳል። ስለሆነም «ዘህራ ጉነሽ እከሊትን በመረቡ ላይ ትገጥማለች» ብሎ ከመደምደም ይልቅ፣ አሠልጣኙ ይህን መገጣጠም ሊፈልገው ወይም ሊሸሸው የሚችልበትን ምክንያት መጻፍ ይሻላል። የመካከል ተጫዋቾች ወደ ኋላ ሲዞሩ አብዛኛውን ጊዜ በሊቤሮ ስለሚተኩ፣ አንዲት የመካከል ተጫዋች በብሎክ ላይ የምትታየው ከስድስቱ አሰላለፎች በሦስቱ ብቻ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ደንብ፣ አዳራሽና ሰዓት

በቱርክ ሊግ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ሊቆሙ የሚችሉ የውጭ ተጫዋቾች ብዛት በፌዴሬሽኑ ደንብ ይገደባል። ገደቡ ሊለወጥ ስለሚችል የዘመኑን ደንብ ሳያረጋግጡ ግምታዊ አሰላለፍ ማውጣት አይገባም፤ በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ግን ደንቡ የማይፈቅደው ስድስት ጽፎ መገኘት ያሳፍራል። የፌነርባህቼዋ ሜሊሳ ቫርጋስ በኩባ ተወልዳ የቱርክ ዜግነት ያገኘችና ከ2023 ጀምሮ ለቱርክ ብሔራዊ ቡድን የምትጫወት በመሆኗ ለክለቧ ያላት ጥቅም ከምታስቆጥረው ነጥብ በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በየዙሩ ስድስት ቅያሪዎችና ሁለት የ30 ሰከንድ እረፍቶች መኖራቸውም በታክቲክ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ አሠልጣኞች አቀባይዋ ወደ ፊት ስትመጣ እሷንና ኦፖዚቷን በአንድ ጊዜ ቀይረው ሌላ አቀባይ ከኋላ፣ ሌላ አጥቂ ከፊት በማስገባት ሦስት አጥቂ ይዘው ይቀጥላሉ። ይህን የሚያዘወትር ቡድን ከሆነ ተጠባባቂዎቹን በስም መጥቀስ ያስፈልጋል።

አዳራሹ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈልግም፤ ይሁን እንጂ በየአዳራሹ ከመጨረሻው መስመር በስተኋላ ያለው ስፍራና የጣሪያው ከፍታ ስለሚለያይ ዘልለው ሰርቭ የሚመቱ ተጫዋቾች ልዩነቱ ይሰማቸዋል። በኡስኩዳር የሚገኘው የቡርሃን ፌሌክ አዳራሽ 7,000 ተመልካች ይይዛል፤ የክለቦቹ የራሳቸው አዳራሾች ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው።

ሰዓትን በተመለከተ ቱርክ በ2016 ሰዓት መቀያየርን ስለተወች ኢስታንቡልና አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት አላቸው። በኢስታንቡል 19:00 የተባለው ግጥሚያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌትና በኳታር ላሉ አንባቢዎችም ሰዓቱ ያው ሲሆን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አንድ ሰዓት ይገፋል፤ በእስራኤል በክረምት ወራት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፤ በዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይሆናል። ይህን በጽሑፉ ራስጌ በግልጽ ማስፈር ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

አጻጻፉ

የሰበሰቡት ሁሉ አይጻፍም። ከ600 እስከ 800 ቃል ያለው ቅድመ ዳሰሳ ይነበባል፤ ከዚያ ያለፈው የሚነበበው ለፍጻሜ ግጥሚያ ብቻ ነው። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን ይያዝ። «ዛሬ ምሽት በኢስታንቡል ተጠባቂ ግጥሚያ ይካሄዳል» የሚለው መክፈቻ ስሕተት የለበትም፤ ግን ምንም አይናገርም። «ቲያና ቦሽኮቪች ዛሬ ከመረቡ ማዶ የምታገኛቸው ከእሷ ጋር ለዓመታት የሠለጠኑ ተከላካዮችን ነው፤ ኤጅዛጅባሺ ስለ እሷ ያለውን እውቀት ወደ ነጥብ መለወጥ መቻሉ ግጥሚያውን ይወስናል» ብሎ የሚጀምር ግን አንባቢውን ወዲያው ወደ ሜዳው ያስገባዋል። ከዚህ በኋላ የፉክክሩ ታሪክ በአጭሩ፣ ከዚያ የቅበላውና የአሰላለፉ ትንታኔ በሰፊው፣ የጉዳት ዜና ካለም ከትንታኔው ጋር ተያይዞ ይምጣ። ሊቤሮዋ ከተጎዳች ዜናው መጎዳቷ ብቻ ሳይሆን በምትኳ ሜዳውን የምትሸፍነው ተጫዋች ሰርቭ የት የት እንደሚያስቸግራት ጭምር ነው።

የአሠልጣኝ ንግግር የሚጠቀሰው የተለየ ነገር ካለው ብቻ ነው። «ተጋጣሚያችንን እናከብራለን፣ ሦስት ነጥብ እንፈልጋለን» የሚለውን ለመስማት ማንም አንባቢ አይቸገርም። ለመጠየቅ ዕድል ካገኙ ጠባብ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ባለፈው ግጥሚያ በሦስተኛው ዙር ሰርቫችሁን ከማን ወደ ማን አዛወራችሁት የሚል ጥያቄ መልስ ያመጣል፤ እንዴት ተዘጋጃችሁ የሚለው አያመጣም።

ስለ ሴት ስፖርተኞች ሲጻፍ በእኛ የመገናኛ ብዙኃን አሁንም የሚታይ አንድ ልማድ አለ፤ ስለ መልካቸው፣ ስለ ትዳራቸው ወይም «ከወንዶች ያልተናነሰ» ስለ መጫወታቸው ማንሣት። ይህ ሁሉ ከቅድመ ዳሰሳ ውጭ ነው። ንጽጽር ካስፈለገ የሴቶች መረብ 2.24 ሜትር፣ የወንዶች 2.43 ሜትር መሆኑን፣ በሴቶች ጨዋታም የኳስ ምልልሱ ረዘም ስለሚል የኋላ መስመር መከላከልና የብሎክ ንባብ የበለጠ ክብደት እንደሚያገኙ መጻፍ ይቻላል። ይህ ለአንባቢው ጨዋታውን የሚያስረዳ ልዩነት ነው። በቱርክ ስሞች አጻጻፍም ጥንቃቄ ይደረግ፤ በላቲኑ ሲ የሚጻፈው ድምፅ በቱርክኛ «ጅ» ስለሆነ አቀባይዋ ጃንሱ እንጂ ካንሱ አይደለችም።

ግምት መስጠት የሚፈልግ ይስጥ፤ ነገር ግን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ግምት ከባዶ ውጤት ይሻላል። በመረብ ኳስ አንድ ቡድን በጠቅላላ ነጥብ ተበልጦም ያሸንፋል። 25 ለ 23፣ 25 ለ 23፣ 14 ለ 25፣ 15 ለ 25፣ 15 ለ 13 የተጠናቀቀ ግጥሚያ ቢኖር አሸናፊው 94፣ ተሸናፊው 109 ነጥብ አስቆጥረዋል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «3 ለ 1» ብሎ ከመደምደም ይልቅ፣ «የቫኪፍባንክ ቅበላ በአቀባይዋ የፊት መስመር አሰላለፎች ላይ ከጸና ግጥሚያው ሊያጥር ይችላል፤ ኤጅዛጅባሺ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሦስት አራት ነጥብ በተከታታይ ካገኘ ግን ወደ አምስተኛው ዙር ይሄዳል» ብሎ ይጽፋል።

ጽሑፉ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ቢወጣ መልካም ነው። ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰዓት ደግሞ የሁለቱን ቡድኖች ይፋዊ የተጫዋቾች ዝርዝር ከጽሑፉ ጋር ያመሳክሩ፤ በማሟሟቂያው ላይ አንዲት ዋና ተቀባይ ሰርቭ ሳትቀበል ከዳር ቆማ ከታየች፣ ወይም ሁለተኛዋ አቀባይ ከመጀመሪያዎቹ አጥቂዎች ጋር እየሠራች ከሆነ፣ የአሰላለፉን አንቀጽ ያስተካክሉና ማስተካከያው የተደረገበትን ሰዓት ከጽሑፉ ራስጌ ላይ ያስፍሩ።